ልጆቻችንና የጾም ገበታ

እዚህ አሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን ሽሮና ምስር ሲቀርብላቸው ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ያዞራሉ። በእኔ ቤት ቁጣም ልመናም አልሠራም። መላ የሆነኝ ሥራውን ማካፈል ነው፤ ታላቋ ምስር ትለቅማለች፣ ታናሹ ለቲማቲም ፍትፍት እንጀራ ይቆራርሳል። ምስሩንም በርበሬውን ትቼ በእርድ አልጫ እሠራላቸዋለሁ። ልጅ እጁ ያለበትን ምግብ አይገፋም።

በፍትፍቱ ላይ የምንጨምቀው ሎሚ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት ከምስሩ ብረት እንዲያገኝ ይረዳል።

እናቶቻችን ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱንም የዐቢይ ጾም ቀናት ያለ ሥጋና ቅቤ ገበታውን ይሞሉት ነበር። ውድ አንባብያን፣ ልጆቻችን ነገ አያታቸው ዘንድ ሲሄዱ ከመሶቡ ዳር እንደ እንግዳ እንዳይቀመጡ፣ ጉርሻውን ዛሬ እናስለምዳቸው።