በመስኮቱ ሥር እኔም ነበርኩ

የመጋቢ ሚስት ስትጽፍ ስለ ጸሎት ወይም ስለ ቤት አያያዝ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቴሌቪዥን ነው፤ ያውም ስለ ዘፈን። እባካችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ።

ባለፈው ክረምት፣ ዳሞታ በጉም በተሸፈነበት አንድ ምሽት፣ ባለቤቴ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃችንን ስልክ ይዞ ወደ ማድ ቤት መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ልጅቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትሰማ አግኝቷት ነው። ከስልኩ ጋር ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነበረ፤ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ተሰጥቶ የዘፈኖች ስም ተጽፎበታል። ከአንዳንዱ ጎን ወደ ላይ፣ ከአንዳንዱ ጎን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ። «አንቺ አነጋግሪያት። በእሷ ዕድሜ አንቺ እንዴት እንደነበርሽ ንገሪያት» አለኝና ወጣ።

ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ ቆምኩ። በእሷ ዕድሜ እንዴት እንደነበርኩ አውቃለሁና።

ያደግሁት እዚሁ ሶዶ፣ ኦቶና ነው። አባቴ በሆስፒታሉ ድሬሰር ነበር። ሚስዮናውያኑ በ1920 ዓ.ም ወደ ወላይታ ከመጡ በኋላ የተጀመረውና ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ሆስፒታል ማለቴ ነው። ቤታችን የጸሎት ቤት ነበር። አንድ ቴፕ ነበረን፤ የሚዘፈንበት ሳይሆን የሚዘመርበት። አባቴ የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶን ካሴት ሲሰማ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዘማሪው በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል መታሰሩን እየነገረ ነው ያሳደገን። ቴሌቪዥን ግን በአባቴ አፍ ስም አልነበረውም። «ያ ሳጥን» ነበር የሚለው።

ያ ሳጥን ከእኛ ሦስተኛ ቤት፣ አንድ መምህር ቤት ነበር። አንቴናው በረዥም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ታስሮ ምስሉ በረዶ በሆነ ቁጥር አንድ ልጅ ወጥቶ ያዞረዋል፤ ከውስጥ «መጣ! ሄደ! መጣ!» ይጮኻል። ጊዜው ከ1985 እስከ 1988 ዓ.ም ያለው ነው። የነበረው ጣቢያ አንድ ብቻ፣ እርሱም የመንግሥት ነበር። እሑድ የሚቀርበው የመዝናኛ ዝግጅት፣ ህብረ ትርኢት፣ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ቤት ይሰበሰባል። እኛ የአማኝ ልጆች ደግሞ ውጭ፣ በመስኮቱ ሥር። ቤት ካልገባን አላየንም ማለት ነው ብለን ተስማምተን ነበር። (ሥነ መለኮት የጀመርኩት ኮሌጅ ሳልገባ መሆኑን ተመልከቱ።)

ከሁለት ዓመት ታላቄ ከሆነው ወንድሜ ጋር ነበር የምንሄደው። የምንቆመው ድንጋይ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ለአንድ ሰው ስለሚበቃ በዘፈን በዘፈን እንፈራረቃለን። ኤፍሬም ታምሩ፣ አስቴር አወቀ፣ ነዋይ ደበበ፣ ሐመልማል አባተ። አንዳንዴ የውጭ አገር ዘፈን ይመጣና ማይክል ጃክሰን ሲንሸራተት መስኮቱ በሰው ይጨልማል። ቴሌቪዥናችን ከ1977 ዓ.ም ጀምሮ በቀለም ያሰራጫል ቢባልም የመምህሩ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የአስቴር ቀሚስ ቀይ ነው አረንጓዴ ነው እያልን ከወንድሜ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ተከራክረናል።

በእንግሊዝ አገር በየሳምንቱ የሸክላ ሽያጭ ተቆጥሮ ዘፈኖች በደረጃ የሚቀርቡበት ዝግጅት እንዳለ ከመምህሩ ልጅ ሰማን። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። አንድ ካሴት በወጣ ማግስት በየሙዚቃ ቤቱ ስለሚገለበጥ ስንት እንደተሸጠ ማን ይቆጥራል? የቅጂ መብት አዋጅ እንኳ የወጣው በ1996 ዓ.ም ነው። ስለዚህ እኛው ደረጃ ማውጣት ጀመርን። ዳኞች ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ወንድሜና የመምህሩ ልጅ። ከአሥር እንሰጣለን፣ እንደምራለን፣ ከ1 እስከ 10 እንጽፋለን፣ የወጣና የወረደውን በቀስት እናሳያለን። ደብተሩ የእኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ደብተር ነበር። ከፊት የቃል ጥናት ጥቅስ፣ ገልብጣችሁ ከኋላ ስትከፍቱት የሳምንቱ አሥር ዘፈኖች። ሁለቱ ጽሑፎች ከዓመት ዓመት እየተቀራረቡ ሄደው መሀል ላይ ሊገናኙ ሁለት ቅጠል ሲቀር ነው ነገሩ ያበቃው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ያ የእንግሊዞች ዝግጅት ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ ይባላል። በቢቢሲ የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1964 ሲሆን ሳምንታዊ ስርጭቱ ያበቃው በ2006 ነው። የእኛም ቴሌቪዥን የተወለደው በዚያው በ1964፣ በእኛ 1957 ዓ.ም ነው። ኋላ ሳነብ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ የተሰራጨበት የማንቸስተር ስቱዲዮ ቀድሞ የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት የነበረ ነው። የዌስሊ ልጆች የጸለዩበት አዳራሽ! ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «አየሽ፣ ካልጠበቁት እንዲህ ይሆናል» አለ። እኔ ደግሞ እነዚያ ጸላዮች ወዴት ሄዱ፣ ልጆቻቸውስ በየትኛው በር ወጡ ብዬ ነበር የማስበው።

ወንድሜ እጁ ጊታር ላይ ሲያርፍ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በወጣት መዘምራን መሣሪያ ተጫዋች ሆነ። በ1989 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ፣ ከልምምድ በፊት ብቻውን መስሎት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጊታር በደብተራችን ለብዙ ሳምንት አንደኛ የሆነውን ዘፈን ዜማ ተጫወተ። ቃል አላወጣም፤ ዜማውን ብቻ። አንድ ሰው ሰማ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ጠሩት።

እኔ በሩ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ሁሉንም ሰምቻለሁ። «የት ተማርከው?» አሉት። «ከቴሌቪዥን» አለ። «ከማን ጋር ነው የምታየው?» ዝም አለ። እንደገና ጠየቁት። «ብቻዬን» አለ።

ደብተሩ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መነሣት እችል ነበር። አልተነሣሁም።

በሚቀጥለው እሑድ ስሙ በጉባኤ ፊት ተነበበ፤ ለስድስት ወር ከአገልግሎትና ከጌታ ራት ታገደ። ከዚያ መዘምራን ተነሥተን ዘመርን። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ ነጭ ልብስ ለብሼ። ስድስት ወሩ አልቆ ሽማግሌዎቹ ሊመልሱት ሲጠሩት ወንድሜ አልመጣም። በ1990 ዓ.ም ወደ አዋሳ ሄደ፤ መካኒክ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ። ለሃያ ስምንት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጅ የረገጠው ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው።

እኔስ? የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስገባ የሕይወት ምስክርነት ጻፉ ተባልን። «ከልጅነቴ ጀምሮ ከዓለም ነገር ተጠብቄ ያደግሁ» ብዬ ጻፍኩ። የዛሬው ባለቤቴ የዚያን ጊዜ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ምስክርነቴን በክፍል ሳነብ ሰማው። ኋላ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ ልቡን የነካው ያ ምስክርነት እንደሆነ ነገረኝ። ደብተሩን ደግሞ ኮሌጅ ልገባ ስዘጋጅ በእናቴ ምድጃ አቃጥዬው ነበር፤ ጥቅሶቹንም አብሬ።

በኮሌጅ ዘፍጥረት 4 ስንማር መምህራችን አንድ ነገር አሳዩን። የበገናና የመለከት ተጫዋቾች አባት የተባለው ዩባል የመጣው ከቃየን ዘር ነው። ዳዊት ሳኦልን ያሳረፈበት በገና እንግዲህ ከየት ወገን እንደመጣ አስቡት አሉን። ክፍሉ ሲስቅ እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስለ አባቴ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደግሞ እበድለዋለሁ። በ2004 ዓ.ም ካረፈ በኋላ በለቅሶው ሳምንት እናታችን የማናውቀውን ነገር አወጣችው። በ1973 ዓ.ም፣ እኔ ገና በአንቀልባ ሳለሁ፣ አባቴ በቀበሌ ስብሰባ እጁን አንሥቶ መፈክር አላሰማም በማለቱ ሁለት ወር ያህል ታስሮ ነበር። በዚያ ዘመን በወላይታ አብያተ ክርስቲያናት እየተዘጉ፣ ወጣቱ ሁሉ በየቀበሌው ኪነት እየተሰለፈ እንደነበር ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ማታ ማታ እስረኞቹን ከኪነት ቡድኑ ጋር ዘፈን እንዲዘፍኑ ያዟቸዋል። አባቴ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ይገረፋል። ከመምህሩ ቤት ሙዚቃ በሰማ ቁጥር ተነሥቶ የእኛን መስኮት የሚዘጋው ለካ ለዚህ ነበር። እኔ ቅድስና ነው ብዬ ነበር። ወንድሜ ጭካኔ ነው ብሎ ነበር። እናታችን ስትነግረን ወንድሜ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እንሰቱ ሥር ብዙ ቆየ።

ወደዚያ ክረምት ምሽት ልመልሳችሁ። ልጃችንን አላነጋገርኳትም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፦ ድንጋዩን፣ ደብተሩን፣ በሩን፣ ምስክርነቱን። ብዙ ዝም አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር?» አለ በመጨረሻ። ዘፈኑ አልነበረም የጎዳው። በመድረክ ላይ ሦስት ጊዜ፣ ለእጮኞች ሲያስተምር፣ የእኔን ምስክርነት ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል። ለአራት ቀን ያህል ከ«ደህና አደርሽ» በቀር ብዙ አልተነጋገርንም። ባለትዳሮች ሆይ፣ አራት ቀን በአንድ ቤት ምን ያህል እንደሚረዝም እናንተ ታውቃላችሁ።

በአምስተኛው ቀን ምሽት ልጃችንን ጠርቶ ስልኳን ሰጣት። «ዝርዝርሽን አሰሚን» አላት። ልጅቷ ወጥመድ መስሏት ወደ እኔ አየች። ከአሥሩ ስድስቱ መዝሙር ነበሩ፤ ሁለቱ በወላይትኛ። የቀሩት ዘፈን። ኪቦርዱ ያው፣ ከበሮው ያው፤ ቃሉን ጠጋ ብለን ካልሰማን የቱ የቱ እንደሆነ አንለይም። አራተኛው ላይ ባለቤቴ በጣቱ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። «ይሄኛው መልካም መዝሙር ነው» አለ። ልጃችን አፏን በእጇ ያዘች። መዝሙር አልነበረም። በዚያ ሳምንት በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን ዘፈኖች ቃላቸው አልወደድነውምና ምክንያቱን ነገርናት፤ እሷም ተከራከረችን፤ በአንዱ ረታችን። ስለ ማታ ስልክም ውል ገባን፤ እስካሁን ውሉን ሁለት ጊዜ አፍርሳለች።

በመስከረም ለጊፋታ ወንድሜ ከነቤተሰቡ መጣ። ሰው ሁሉ በሥጋው ዙሪያ ሲንጫጫ እኔ እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ ገና «ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁህ እኔ» ስል አቋረጠኝ።

«በር ላይ ነበርሽ» አለ። «ኮንጎ ጫማሽ በበሩ ሥር ይታይ ነበር።»

«አውቀህ ነው ብቻዬን ያልከው?»

«አንቺ እኮ ታለቅሺ ነበር» አለ ትከሻውን ነቅንቆ። ከዚያ ብዙ ዝም አለ። የታገደበት ነገር እንዳልጎዳው፣ ሲጠሩት ያልመጣውም ስለ ቅጣቱ እንዳልሆነ ነገረኝ። ያን እሑድ እኛ ስንዘምር ውጭ ቆሞ ይሰማ ነበር። የእኔን ድምፅ ለየው። ከዚያ በኋላ መግባት አቃተው። ይህን ሲለኝ አላለቀሰም፤ እኔ ግን አለቀስኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። «እሺ» አለኝ። ከዚያ በላይ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ይህን ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት በስልክ አነበብኩለት፤ ስሜን አትጥሪ እንጂ አውጪው ብሎ ፈቅዶልኛል።

«ደብተሩስ?» አለኝ እዚያው ጓሮ ቆመን።

«አቃጠልኩት።»

በእውነት አዘነ። ከነገርኩት ሁሉ ያን ያህል ያሳዘነው እሱ ነበር ብል አልዋሸሁም። ትንሽ ቆይቶ «የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሁለተኛ የወጣው ነዋይ ነው አይደል?» አለ።

«ኤፍሬም ነው።»

«ነዋይ ነው! ዘጠኝ የሰጠሁት እኔ ነኝ!»

እናታችን ሙቹዋው ቀዘቀዘ እያለች ከበሩ እስክትጣራ ድረስ እዚያው ቆመን ተከራከርን።