ለደከመ ዓይን የሚሆን ቀለም

ሥዕል የሚሥል ሁሉ ሠዓሊ አይባልም። ሠዓሊ ማለት በመምህር እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ፣ ሥራውም እንጀራው የሆነለት ሰው ነው። እኛ ግን ቀኑን በሒሳብ መዝገብ ላይ አቀርቅረን የምንውል፣ ማታ ማታ ራት ከተበላና ገበታው ከተነሣ በኋላ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና ቀለም የምንዘረጋ ነን። እንደዚህ ያለውን ሰው ጎረቤት «ቀለም ነካኪ» ይለዋል። ስሙ አያስከፋም፤ እንዲያውም ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል፤ ብዙ ነክተናልና።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ሐሳቡን ከወዴት እንደምናመጣው ይጠይቁናል። ከሩቅ አናመጣውም። መሶብ የምትሰፋ ሴት አንዳች ንድፍ ሳትነድፍ፣ በዓይንዋ ብቻ እየቆጠረች፣ ቀዩን ከአረንጓዴው ወይን ጠጁንም ከቢጫው ጋር ስታጋጥም አጠገብዋ ለአንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ስለ ቀለም ስምምነት ብዙ ይማራል። የቀሚስ ጥለትም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያውን ሰፊው ነጭ ባይኖር ኖሮ ጥለቱ ያን ያህል ዓይን አይስብም ነበር። ከጥለቱ ይልቅ ነጩን ማየት የጀመረ ሰው ሥዕልን ግማሽ መንገድ ተጉዟል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ከሁሉ ይልቅ ግን መምህራችን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በብዙ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የተሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ተመልሶ በሁለት ዓይን ሲያዩን፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ሕፃናት እንኳ ያውቁታል፤ በልጅነታችን ጥሩውንና መጥፎውን የምንለየው ዓይን እየቆጠርን ነበር። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ከመቶ በሚበልጡ የመላእክት ፊቶች ተሸፍኗል፤ ሰው ከታች ቆሞ ሽቅብ ቢመለከት የማያዩት አይመስለውም። መስመሩ ወፍራም፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ቀለሙ ጥርት ያለ የሆነው ለውበት ብቻ አይመስለንም። በሻማ ብርሃንና በዕጣን ጢስ መካከል ቆሞ ከሩቅ ለሚያይ ምእመን የተሣለ ነው።

ሙከራችን የተጀመረው ከወጥ ቤት ነው። የቀጭን ቀንበጥ ልጣጭ ልጠን በጣሳ ውስጥ አጥብቀን፣ ክዳኑን ዘግተን፣ ለጢሱ መውጫ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትተን በፍም ላይ ስናስቀምጠው፣ እንጨቱ አየር ስለማያገኝ አይነድም፤ ከስሎ ለንድፍ የሚሆን ለስላሳ ከሰል ሆኖ ይወጣል። እርድ በውሃና በግራር ሙጫ ሲበጠበጥ የሚያበራ ቢጫ ይሰጣል፤ የአመድ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ልጆቹ ይህን ለማየት መኝታቸውን እንኳ ይተዋሉ። የሽንኩርት ልጣጭ ሲፈላ ወርቃማ ቡናማ ይሆናል። ቀይ ሥር መልኩ እጅግ ያምራል። መንገድ ሲቆፈር ከሚወጣው ቀይና ቢጫ አፈር ደግሞ ጥቂት እያመጣን ወቅጠን፣ በውሃ በጥብጠን፣ አሸዋው ሲዘቅጥ የላይኛውን ድፍርስ ወደ ሌላ ዕቃ እየገለበጥን፣ እንደ ዱቄት የላመውን እናስቀራለን።

ከዚያም ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ በመደዳ ቀብተን፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነን ግማሹን ለፀሐይ ትተን በመስኮት ለጠፍነው። ከአንድ ወር በኋላ ካርቶኑ ሲነሣ የእርዱ ቢጫ ገርጥቶ ሊጠፋ ደርሷል፤ ቀይ ሥሩም ያ መልኩ ቀርቶ የቆሸሸ ጨርቅ መስሏል። አፈሩ ግን በተሸፈነውና ባልተሸፈነው መካከል አንዳች ልዩነት አልታየበትም። የቅጠልና የሥር ቀለም በብርሃን ይፈርሳል፤ የአፈሩ ቀለም የብረት ዝገት ስለ ሆነ ፀሐይ አያሸንፈውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ጨዋታነቱ የቀረው በእናታችን ዓይን ምክንያት ነው።

እናታችን ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። አንዱ ዓይናቸው በልጅነታቸው በደረሰባቸው በሽታ ጠፍቷል፤ በቀረው አንድ ዓይን ላይ ደግሞ ሞራ ወጣበት። ሐኪሙ መርምሮ፣ በቀዶ ሕክምና ሊነሣ እንደሚችል፣ ዳሩ ግን አስቀድሞ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር መውረድ እንዳለበት ነገረን። መጠበቅ ሆነ። በአልጋቸው ፊት ለፊት የእመቤታችን ከተወደደው ልጅዋ ጋር ያለች ሥዕል በመስተዋት ተከድና ተሰቅላ ነበር፤ ጧት ጧት ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ወደ እርስዋ እያዩ ነው። አንድ ቀን ጧት «ሥዕሏን ማን አነሣት?» ብለው ጠየቁ። ሥዕሏ እንደ ተሰቀለች ነበረች።

ሐኪሙን ዳግመኛ በጠየቅነው ጊዜ ነገሩን አስረዳን። በዓይን ውስጥ ያለችው እንደ መስተዋት የጠራች ክፍል በዕድሜ ስትደፈርስ ወደ ቢጫነት ትለወጣለች፤ ስለዚህ ሰማያዊ ቀለም ይደበዝዛል፣ ጠቆር ያሉትም ሁሉ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ከመስኮት የሚመጣ ብርሃን ሲያንጸባርቅ ደግሞ ዓይኑን እንደ ጭጋግ ይጋርደዋል። የእኛ ሥዕል መደቧ ጥቁር፣ መጐናጸፊያዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ በላይዋም መስተዋት ያለባት ነበረች። ለእንዲህ ያለ ዓይን ከዚህ የከፋ ሊገኝ አይችልም።

እንግዲያስ የሚታየው ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ሁለት ጣት በሚሰፋ ካርቶን ላይ ቀለሞችን ጥንድ ጥንድ እያደረግን ቀባን። ከአልጋው አንድ፣ ሦስትና አምስት እርምጃ እየራቅን እያንዳንዱን እያሳየን «ምን ይታይዎታል?» እያልን መልሳቸውን በመዝገብ ጻፍን፤ መዝገብ መያዝ እንኳ ሙያችን ነው። እናታችን መጀመሪያ ቢሰለቻቸውም በኋላ ግን ነገሩን ወደዱት፤ ከሥራ ስንዘገይ «ዛሬ ፈተና የለም ወይ?» ይሉ ጀመር።

ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ላይ ጨርሶ አልታያቸውም። ቢጫና ነጭ አንድ ሆኑባቸው። ቀይና አረንጓዴ ድምቀታቸው የተቀራረበ እንደ ሆነ ጠርዛቸው ተደባለቀባቸው። ጥቁር መስመር በቢጫ ላይ ግን ከአምስት እርምጃም ታያቸው፤ ይኸውም መስመሩ የትንሽ ጣት ያህል ሲሰፋ ነው እንጂ በብርዕ የተሰመረ ቀጭኑ ከሦስት እርምጃ በኋላ ይጠፋል። መዝገቡን ዘግተን ስናስበው፣ ያገኘነው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በግድግዳ ላይ የነበረ ነው። ዝርዝር የሌለበት ብሩህ መደብ፣ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ትልቅ ዓይን፤ የቀድሞዎቹ የጎንደር ሠዓልያን እንዲሁ ነበር የሚሥሉት። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕልም ቀለሞቹ በጥቁር መስመር ተከበው ስለሚለያዩ ነው ከአዳራሹ ማዶ የሚነበበው።

የመጐናጸፊያው ነገር ግን ቀረ። ሰማያዊው አይታያቸውም፤ ቀይ ብናደርገው በቀላሉ ይታያቸዋል። ነገር ግን የእመቤታችን መጐናጸፊያ በቀይ ቀሚስ ላይ ሰማያዊ ሆኖ መሣሉ ከአባቶች የመጣ ነው፤ የራሳችን ጓሮ አበባ አይደለም እንደ ወደድን የምንቀባው። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ፣ ንጉሡ 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ካዘዙ ወዲህ፣ ሥዕሏ በየገዳሙ በዝቷል። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል የሣለው የዚያ ዘመን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ በሥራው ላይ ተጽፎ ስለ ተገኘ ዛሬም ይታወሳል፤ እጅግ ብዙዎቹ ግን ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል። እነዚህ ሁሉ በቆሙበት መስመር ላይ አንድ የሒሳብ ጸሐፊ ብሩሽ ይዞ ሲጠጋ እጁ ቢንቀጠቀጥ የሚያስገርም አይደለም።

የንስሐ አባታችንን አማከርናቸው። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አምጡ አሉና ራሳቸው ወደ መስኮቱ እያቀረቡ ተመለከቱ፤ እናታችንንም ጠየቋቸው። ከዚያ በኋላ «ልጆቼ፣ ሰማያዊውን አታስቀሩት፤ እንዲታያቸው አድርጉት እንጂ» አሉን። በአጭር ቃል ለብዙ ሳምንት የሚበቃ ሥራ ሰጡን።

ልብስ ሲታጠብ ለማንጣት የሚጨመረውን ሰማያዊ ዱቄት ከጠመኔ ዱቄት ጋር እየቀላቀልን፣ ከጥቁሩ ጀምረን እስከ ጧት ሰማይ ድረስ እያነጣነው ሰባት ዓይነት አወጣን። እናታችን አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «አመድማ ነው» አሉ፤ ጥቂት ዝም ብለውም «ግን አለ» አሉ። እኛም አምስተኛውን ያዝን።

ጣውላው ላይ አቡጀዲ በሙጫ ለጥፈን፣ በላዩ ጠመኔና ሙጫ ደጋግመን ቀባን፤ ክረምት ስለ ነበረ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ሦስት ቀን ይጠብቃል። መደቡን በቢጫ አፈር፣ ቀሚሱን በቀይ አፈር ቀባን። የጥላሸት ጥቁር ለመስመሩ ሆነ። ቀለሙ የሚያያዘው በእንቁላል አስኳል ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ እናታችን ይቀየሙናል። ዓይናቸው ቢደክም ጆሮአቸው ስላልደከመ፣ እንቁላል ሲሰበር ከመኝታ ቤት ሆነው ሰምተው «ዛሬ ረቡዕ አይደለም ወይ?» ብለው ጮኹ። ለሥዕሉ ነው ብንላቸውም ሳህኑ ታጥቦ መመለሱን እስኪያረጋግጡ ድረስ አላመኑንም።

ሥዕሉ ያለቀው ጳጉሜን ላይ ነው። መስተዋት አላደረግንለትም። በመስኮቱ ትይዩ ከመስቀል ይልቅ አልጋውን አዙረን ብርሃኑ ከኋላቸው እንዲመጣ አደረግን። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። በመጀመሪያ ዓይኖቿን አገኙ፤ ቀጥሎም የሕፃኑን ፊት፤ በግራ እጁ መጽሐፍ መያዙንና ቀኙን ለቡራኬ ማንሣቱን ሳንነግራቸው ተናገሩ። ተሳልመው ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ። ሲጨርሱም «ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ወዴት ናቸው?» ብለው ጠየቁን። መስመሩ ሰፊ ስለ ሆነ ለሁለቱ ሊቃነ መላእክት በጣውላው ላይ ቦታ አልተረፈም ነበር፤ ይህንንም በደንብ አስረዳናቸው፤ ማስረዳታችንን ግን የተቀበሉት አይመስለንም።

አሁን ስኳራቸው ወርዷል፤ የቀዶ ሕክምናውም ቀን ለጥቅምት ተቈርጧል። አንድ ዓይን ብቻ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ሐኪሙም አልደበቀን፤ በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አይወራም። ነገር ግን ሞራው በደኅና ቢነሣላቸው ሰማያዊ ቀለም ከቀድሞው አብልጦ ደምቆ እንደሚታያቸው፣ ብዙ ሕሙማን በዚህ እንደሚደነቁ ነግሮናል። ያን ጊዜ አምስተኛው ሰማያዊ ይነጣባቸዋል፤ መስመሩም ይወፍርባቸው ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ጣውላ፣ ከፊተኛው ሁለት ስንዝር የሚሰፋ፣ አቡጀዲ ለብሶ ተለስኖ ከበሩ ኋላ ቆሟል። የተረፈው ሰማያዊ ዱቄትም በወረቀት ተጠቅልሎ በመሳቢያው ውስጥ ነው።