የመንገደኛ ቁርስ በሐርቡ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው አንድ ትንሽ ፈተና ሳያውቅ አይቀርም። ይኸውም ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ቁርስ! ሃያ ደቂቃ!» ብሎ በጮኸ ጊዜ ወዴት እንደሚገባ መምረጥ ነው። ስድሳ ያህል ሰው በአንዲት ጠባብ በር ይወርዳል፤ ሁሉም ተርቧል፣ ሁሉም ቸኩሏል፣ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሾፌሩ ይጥላል። ሾፌሩ የገባበት ቤት ጥሩ ቤት ነው ተብሎ ይታመናልና። እኛ ግን በዚህ መንገድ ብዙ ዘመን ስንመላለስ እንደ ተመለከትነው፣ ሾፌሩ ያን ቤት የሚመርጠው መንገደኛ ይዞ ስለመጣ እርሱና ረዳቱ ሳይከፍሉ ስለሚስተናገዱበት ነው እንጂ ወጡ ስለሚጣፍጥ ላይሆን ይችላል። ይህን በማለታችን ሾፌሮች አይቀየሙን፤ ሌሊት ተነሥቶ ለሚደክም ሰው አንድ ሳሕን ፍርፍር አይበዛበትም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ የወጣ አውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ከ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያም የቦርከናን ሸለቆ ይዞ ወደ ደቡብ ሲሄድ ሐርቡን ያገኛል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን ሐርቡ ከርሷ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስለዚህ በጋቢ ተጠቅልሎ የተሳፈረ ሰው እዚያ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ በጉልበቱ ላይ ያኖራል። ብርዱ ሲለቅ ረኃቡ ይነሣል።

በዚህ አገር የምግብ ቤት ምርጫ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወሎ ሕዝብ ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖር ቢሆንም በእርድ ረገድ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ሥርዓት ይጠብቃል። ሰርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ ድስት አስጥዶ ያስተናግዳል። በመንገድ ዳር ያሉትም ምግብ ቤቶች በበራቸው ላይ በተሣለው መስቀል ወይም ጨረቃ ይለያሉ። እንግዲህ በፍስክ ቀን ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ሲጨዋወት ከመጣው ጎረቤቱ ተለያይቶ ወደየበሩ ይሄዳል። በጾም ቀን ግን፣ ይህን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ይመስለናል፣ ሽሮውና ምስሩ፣ ፉሉና ዳቦው ቢላዋ ከእርድ ያላገናኘው ስለሆነ ሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ ሊቆርስ ይችላል።

ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም።

በ2004 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በዋለ አንድ ረቡዕ እናታችንን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዘን እንሄድ ነበር። እናታችን የስኳር በሽታ ነበረባቸውና ጧት ጧት የኢንሱሊን መርፌ ይወጋሉ። ይህ መድኃኒት ምግብ ካልተከተለው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከሚገባው በታች ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ በሽተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከባሰም ራሱን ይስታል። አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ላይ ለቁርስ ይቆማል ብለን በራሳችን ግምት ተማምነን መርፌውን መናኸሪያ ሳለን ወጋናቸው። ኮምቦልቻን አልፎ ሄደ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የማንም አይደለም፤ ረዳቱን ቀድመን አልጠየቅነውም። ለመንገድ የጋገሩት ድፎ ዳቦ ደግሞ በቅርጫት ሆኖ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሸራው ሥር ታስሯል። ለአንድ ዳቦ መንገደኛውን ሁሉ ከምናስቆም እንታገሥ አልን።

ሌላም ነገር ነበረ። የንስሐ አባታቸው ስለ ሕመማቸው የጾሙን ሰዓት ፈትተውላቸዋል፤ ስለ ጾም የሚናገረው የፍትሐ ነገሥት 15ኛው አንቀጽም ድውይን አያስገድድም። እናታችን ግን በዚህ ፈቃድ የሚጠቀሙት በጓዳቸው፣ በራቸውን ዘግተው ነበር። ረቡዕ በማለዳ በሰው ፊት መጉረስ ለርሳቸው ነውር ነው። እኛ ቃሉን እያነበብን፣ እየተረጐምንም ብዙ ጊዜ አስረድተናቸዋል። ሰምተው ሲያበቁ «ይሁን፣ ጓዳዬ ይበቃኛል» ይሉናል።

በሦስት ሰው ወንበር ላይ እኛ በዳር፣ እናታችን በመካከል፣ በመስኮቱ በኩል አንዲት ሙስሊም ባልቴት ተቀምጠዋል። ሁለቱ እናቶች ከሐረጎ ጀምረው ስለ ልጅ፣ ስለ እህል ዋጋና ስለ ጉልበት ሕመም ሲጨዋወቱ መጡ። ሐርቡ እንደ ቆምን ባልቴቲቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለች አነስተኛ ሻይ ቤት አመሩ። እናታችንም ወደዚያው እያዩ «ያቺ ጥግ ያለችው አትበቃንም ወይ?» አሉን።

አትበቃም አልን። በልጅነታችን ዲቁና ተቀብለን ያደግን፣ በከተማውም በመምህርነት የምንታወቅ ነንና፣ በጾም ቀን እናቱን መስቀል ከሌለው ቤት አስገባ እንዳንባል መፍራታችንን ዛሬ አንክድም። ስለዚህ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተን ሾፌሩ ወደ ገባበት ቤት አስገባናቸው። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ ገሚሱ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙው መንገደኛ የጾም ፍርፍር አዘዘ። ከእናታችን አጥቢያ የመጡ ሁለት ሴቶች ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ስለ ነበሩ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ለማረፍ ብቻ ገብተው ልክ ከፊታችን ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ። እናታችን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ፍርፍሩ እስኪመጣ ከሩብ ሰዓት በላይ ሆነ። በመጣም ጊዜ «አልራበኝም፣ አንተ ብላ» አሉን። ብንለምናቸው፣ በጆሯቸው ብናንሾካሹክ አልሆነም። ጥቂት ቆይተን ስናያቸው ግንባራቸው በላብ ተጥለቅልቋል፤ ነጠላውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስማቸውን ስንጠራ መልሳቸው የተሳሰረ ሆነብን። በመጽሐፍም በትምህርት ቤትም የተማርነው ሁሉ በዚያች ሰዓት ከአእምሯችን ጠፍቶ ቆመን ቀረን።

በዚህ መካከል ባልቴቲቱ «እቴ ምነው ቀረች?» እያሉ እናታችንን ፍለጋ ገቡ። አንድ ጊዜ አይተዋቸው «ስኳር ነው፤ ልጄ፣ ምን ቆመህ ታያለህ!» ብለው ከአጠገባችን ካለው ሰው ፊት የሻይ ብርጭቆውን አነሡ። ስኳር በማንኪያ ላይ በማንኪያ ጨምረው «አብሽሪ እህቴ፣ ጠጪ» እያሉ በእጃቸው አጠጧቸው። ሻዩ የተወሰደበት ሰውዬ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እንዲያውም የስኳሩን ዕቃ ያቀበለው እርሱ ነው። እናታችን ነፍስ ሲዘሩ ባልቴቲቱ ክንዳቸውን ይዘው ወደዚያች ሻይ ቤት ወሰዷቸው። እኛ ተከተልን።

ቤቲቱ ሁለት አግዳሚ ወንበር ብቻ ያላት፣ በመጋረጃ የተከፈለች ነበረች። ባልቴቲቱ እናታችንን ከመጋረጃው ኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አስቀመጧቸው። ፉል ሲቀርብ ባለቤቲቱን «ቅቤ የለበትም አይደል? ጿሚ ናቸው» ብለው ጠየቁ። በዘይት መሠራቱን ካረጋገጡ በኋላ ዳቦውን ቈርሰው ሰጧቸው፤ ራሳቸውም ከዚያው ሳሕን በሉ። እናታችን ያለ ምንም ጭንቀት ሲጎርሱ አየን። ጓዳቸውን አግኝተዋል።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ሃያው ደቂቃ አርባ ሆኖ ነበር፤ ወደ አውቶቡሱ ስንገባ ያጉረመረመም አልጠፋም። ሁለቱ የአጥቢያ ሴቶች ግን ከወንበራቸው ተነሥተው እናታችንን በመደገፍ አስገቧቸው፤ አንደኛዋም «እኛንስ ምነው ባዕድ አደረጉን?» አሏቸው። እናታችን መልስ አልሰጡም።

ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ የሾፌሩን ቤት አንከተልም። ሳንሳፈር ቁርስ የት እንደሆነ ረዳቱን እንጠይቃለን፤ ስንቅ ጣሪያ ላይ አንሰድም፤ አብሮን የሚጓዝ ሽማግሌ ካለ የት መቀመጥ እንደሚወድ አስቀድመን እርሱን እንጠይቃለን። መስቀል ያለበትን ቤት ንቀን አይደለም፤ በፍስክ ቀን እንገባበታለን፤ ፍርፍሩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው።

ባልቴቲቱ ከሚሴ ላይ የሚወርዱ ነበሩ። አውቶቡሱ እንደ ቆመ እናታችን ከወንበራቸው ሳይነሡ «ቅርጫቴን አውርዱልኝ» አሉ። ረዳቱ «አዲስ አበባ ሲደርሱ ይወርድልዎታል» ቢላቸው «አሁን ነው የምፈልገው» ብለው በመምህርም በዲያቆንም የማይመለስ ፊት አሳዩት። ልጁ ወደ ጣሪያው ወጥቶ ሸራውን ፈታ፤ ሾፌሩ ሰዓቱን አየ፤ መንገደኛው በመስኮት ተመለከተ። ድፎው ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችን የታሰበ ነበር። እናታችን በቆባው እንደ ተጠቀለለ ለሁለት አስከፍለው ትልቁን እኩሌታ በባልቴቲቱ ክንድ ላይ አኖሩት። ረዳቱም ድርሻውን ሳይቀበል ቅርጫቱን መልሶ አልሰቀለም።