ስሜን አውጡልኝ



ወረቀቱ አጥራችን በር ላይ የተለጠፈው በ2010 ዓ.ም. ረመዷን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። እናታችን ገንጥላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ማታ ልጆቿ ስንሰበሰብ አወጣችልን። የውሃ ሒሳብ መስሏት ነበር። ስናነበው ኮልፌ ያለው፣ አራታችንም የተወለድንበት ቤት በባንክ ብድር መያዣነት ተሰጥቷል፤ ዕዳው በ30 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ተበዳሪዋ እናታችን ነች። ዕዳው ከነወለዱ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነው።

እናታችን በዕድሜዋ የባንክ ደጅ ረግጣ አታውቅም። እኛም ልጆቿ፣ ጠዋት መድረሳ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄደን ያደግን፣ ሁለታችን በመምህርነት የምንተዳደር ሰዎች፣ ቤት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ አይሸጥም ብለን ነበር የምናምነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የያዘውን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

እኛ ስለ ቤቱ ስንንጫጫ እሷ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሪባ ላይ ስሜ ተጽፏል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። የሪባ ወንጀል የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚከፍለውንም፣ የሚጽፈውንም፣ የሚመሰክረውንም እንደሚነካ የሚናገረውን ሐዲስ ከእኛ ቀድማ ታውቀዋለች። በማግስቱ ኢማሙ ዘንድ ወሰድናት። ባላወቀችውና ባልፈቀደችው ነገር ምንም እንደማይኖርባት አስረዷት። «እሱንስ አውቃለሁ» አለች። «ግን ስሜ እዚያ ተጽፎ መሞት አልፈልግም። ስሜን አውጡልኝ።»

አድራጊውን ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። አባታችን በሞተ ጊዜ ድርሻችንን ለእናታችን ትተን ቤቱን በስሟ ስናዞር፣ ቢሮ ለቢሮ የሮጠልን የአክስታችን ልጅ ነበር። የመታወቂያዋ ቅጂ እጁ ላይ ቀርቷል። ካርታውንም «ለግብር ነው» ብሎ ከወሰደ ስምንት ወር አልፎታል። አልጠየቅነውም፤ የቤት ልጅ ነዋ! እሱ ደግሞ በእናታችን ስም፣ ግን በሌላ ሴት ፎቶግራፍ መታወቂያ አሠርቷል። ያቺ ሴት ውክልና ከሚያጸድቁ ሠራተኞች ፊት ቀርባ «እኔ ነኝ» ብላ ውክልና ሰጥታዋለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ቤት ለማስያዝ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ይህንንም አውቆ አስጽፎታል።

ሽማግሌዎች መጡ። አክስታችን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ሥጋችሁ ነው፤ ፖሊስ ቤት አታድርሱት፤ ከፍሎ ያወጣዋል» ተባልን። እሺ አልን። ከሠላሳው ቀን አሥራ ሁለቱ እንዲህ አለቀ። ገንዘቡ ግን በንግድ ጠፍቶ ኖሮ የሚከፍለው አልነበረውም። ሱልሕን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም፤ ሱልሕ ውስጥ ነው ያደግነው። ነገር ግን ባንኩ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልተቀመጠም። እኛ ልጁን ይቅር ብንለው የመያዣው ውል ይቅር አይልም፤ ውሉን የሚያፈርሰው ፍርድ ብቻ ነው፤ ፍርድ ለማግኘት ደግሞ የልጁን ስም ጠርቶ መክሰስ ግድ ነው። በመድረሳ ያስተማሩን ኡስታዝም ያሉን ይህንኑ ነበር፤ የራሳችሁን ሐቅ ይቅር ማለት ትችላላችሁ፣ የእናታችሁን ግን እሷን ጠይቁ አሉን። ጠየቅናት። «ክሰሱ» አለች። እግዱ የወጣው ለሐራጁ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

በፍርድ ቤት እናታችን እናታችን መሆኗን ማስረዳት እንዲህ ይከብዳል ብለን አልጠበቅንም። ያዳነን ደግሞ የምናፍርበት ነገር ሆነ። ውክልናው ላይ ያለው ፊርማ ነው፤ ያማረ ፊርማ። እናታችን ቁርኣን ታነባለች እንጂ በብዕር መጻፍ አትችልም፤ በዕድሜዋ ሁሉ የፈረመችው በአውራ ጣቷ ነው። የሰው ልጅ ስናስተምር የራሳችንን እናት ስሟን እንድትጽፍ አላስተማርናትም። ከአባታችን ሞት በኋላ የፈረመቻቸው ሰነዶች በሙሉ አሻራ ያለባቸው ሆነው ቀረቡ። ባንኩ «በቅን ልቦና አበድረናል፤ እኛም ተታለናል» ብሎ ተከራከረ። መታለሉ እውነት ነው፤ ለዚያ ግን ዕዳው ያልወከለች ሴት ላይ አይወድቅም። በ2012 ዓ.ም. ችሎቶች በኮሮና ምክንያት በከፊል ተዘግተው ስለነበር ፍርዱ ወደ 2013 ዓ.ም. ተሻገረ። ውክልናው ተሻረ፤ መያዣውም አብሮ ፈረሰ። ልጁ በወንጀል ችሎት አራት ዓመት ተፈረደበት። እናታችንን መስላ የቀረበችው ሴት እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ስለ ካሣው አንባቢያን ሁለት ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። አንደኛ፣ በጥፋት ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 2143)፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ የበለጠ ረጅም የክስ ዘመን ካለው በዚያ ይራዘማል። «ቤታችንን እንመልስ፣ ካሣው ይደርሳል» እያሉ መቆየት አደጋ አለው። ሁለተኛ፣ የጠበቃውን፣ የዳኝነቱንና የመመላለሻውን ደረሰኝ አንድም ሳይጥሉ መያዝ ነው። እኛ 236 ሺህ ብር አውጥተን ደረሰኝ የተገኘለት 190 ሺህው ብቻ ስለነበር የተፈረደልን እሱ ነው። ልጁ ያለው አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ነበረች፤ በአፈጻጸም ተሸጣ 120 ሺህ አገኘን። ቀሪውን እንጃ።

ለእናታችን ጭንቀት ደግሞ ዳኛው የፈረዱት 1,000 ብር ነው። አላነሱባትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 2116 የሞራል ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። በዚያ ዘመን 1,000 ብር ብዙ ነበር። ዛሬ እሷ ሦስት ዓመት ለተመላለሰችበት ታክሲ እንኳ አይበቃም። ይህ አንቀጽ እስከ አሁን ለምን እንዳልተነካ አይገባንም።

ቤቱ ከተመለሰ በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ ባንኩን ደጅ የጠናነው፣ ባንኮች የተበዳሪን መረጃ ከሚለዋወጡበት መዝገብ ስሟን ለማሰረዝ ነው። ወንድማችን «ቤቱ ተመልሷል፤ እሷ እንደሆን አትበደርም፤ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ነበር። እሷ የጠየቀችን ግን ቤቱን አልነበረም። ደብዳቤው በ2014 ዓ.ም. መጣ። ሦስት ጊዜ አስነበበችንና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ በሰፈራችን ሲጀመርም ወረፋውን ከሁሉ ቀድማ የያዘችው እሷ ነበረች፤ አሥር ጣቶቿንም አስወስዳ ተመለሰች።

አክስታችን እስከ ዛሬ ለዒድ ቤታችን አትመጣም። እናታችን በየዒዱ ምግብ በሳህን ትልክላታለች፤ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል።