የልጅ ጉርምስናና የወላጅ ዝግጅት

ወላጅ ለልጁ በየጊዜው መሰናዳት ልማዱ ነው። ልጁ ሊወለድ ሲል የገንፎው እህል ይዘጋጃል፤ ወንድ በሆነ በ40 ቀን፣ ሴት በሆነች በ80 ቀን ለምታነሣው እናት ወይም ለሚያነሣው አባት ይላካል፤ ፊደል ሲጀምር መምህር ይመረጥለታል፤ ሲዳርም ጠጁ ይጣላል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳሱም ይተከላል። ነገር ግን በፊደልና በሠርግ መካከል አንድ ወራት አለ፤ እርሱም ልጅነት የሚሰናበትበት ነው። ይህ ወራት ድግስ የለውም፣ ጠሪም የለውም፤ ስለዚህም ብዙ ወላጆች ሳይዘጋጁ ይደርስባቸዋል። ልጄ ተለወጠብኝ ብለው የሚያዝኑትም ብዙውን ጊዜ ልጁ ስለ ከፋ ሳይሆን፣ እነርሱ ወራቱን ስላልጠበቁት ነው።

ለዚህ ነገር በአንድ መሪጌታ ቤት የሆነው ምስክር ይሆናል። ይህ መሪጌታ በአንድ ደብር የሚያገለግል፣ ዜማውን ጠንቅቆ የተማረ፣ በቅኔውም የሚደነቅ ሰው ነበረ። 13 ዓመት የሆነው ልጁ ዲያቆን ነው፤ ድምፁም እንደ ዋሽንት የጠራ ስለ ነበረ፣ ምስባክ ሲሰብክ የቆሙት ሁሉ ደስ ይላቸው ነበር። አባቱም በመቋሚያው ተደግፎ በሰማው ቍጥር የድካሙን ሁሉ ዋጋ ያገኘ ይመስለው ነበር።

አንድ እሑድ ልጁ ምስባኩን ጀምሮ ከፍ ሊያደርገው ሲል ድምፁ ድንገት ተሰበረ፤ ግማሹ የሕፃን፣ ግማሹ የጎልማሳ ሆኖ ወጣ። ሕፃናቱ ሣቁ፤ ከካህናቱም አንዱ ሣቁን በነጠላው ሸፈነ። ልጁ እንደ ምንም ጨርሶ ወረደ። ቤት በገቡ ጊዜ አባቱ፣ «የት ስትጮኽ ሰንብተህ ነው ድምፅህን ያበላሸኸው?» አለው። ልጁ አልመለሰም። አባቱም ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥሮ ተቈጣ፤ ተልባ በማር እንዲጠጣ፣ ከጓደኞቹም ጋር እንዳይጫወት አዘዘው። በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ራሴን አሞኛል ብሎ ከቤት ቀረ፤ ከዚያም በኋላ በገበታ ላይ መናገር ተወ፤ ማታም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ለመደ። ሁለት ወር በዚህ ዐለፈ። አባት፣ ልጁ አገልግሎቱን ናቀ አለ፤ እናት፣ ዐይን በልቶታል አለች። የሆነው ነገር ግን ከሁለቱም አንዱ አልነበረም።

የቤቱ የንስሐ አባት፣ በዕድሜ የገፉ ካህን፣ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ከዚያም፣ «መሪጌታ፣ የእርስዎስ ድምፅ በስንት ዓመትዎ ተለወጠ?» ብለው ጠየቁት።

መሪጌታው ሊመልስ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ረስቶት የኖረው ነገር በዚያች ሰዓት ትዝ አለው። ከእናት ከአባቱ ተለይቶ በጎጃም በዜማ ቤት የቆሎ ተማሪ ሳለ፣ የእርሱም ድምፅ እንዲሁ ተሰብሮ ነበር። ጓደኞቹ ሲሥቁበት የኔታ አልሣቁም። ማታ በጎጆው ደጃፍ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ በሁላችን ደርሷል፤ እስኪረጋ ድረስ አታስጨንቀው፣ ዝቅ አድርገህ አዚም» አሉት። እርሱም በዚያ ሌሊት ደበሎውን ተከናንቦ በሰላም ተኛ። የኔታ የብዙ ሰው ልጅ ያሳደጉ ነበሩና ወራቱን ያውቁት ነበር፤ እርሱ ግን የገዛ ልጁን ሲያሳድግ በገዛ ራሱ የደረሰውን ረሳ።

ካህኑም፣ «አንጥረኛ ሰሙ ሲቀልጥ አይቶ ወርቄ ጠፋ ብሎ አያለቅስም፤ ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ የሚፈስበት ስፍራ አያገኝምና። እርስዎ ቅኔ ዐዋቂ ሳሉ ይህ እንዴት ጠፋዎት?» አሉት።

በዚያ ማታ መሪጌታው ወደ ልጁ ገብቶ በበርጩማ ላይ ተቀመጠ። የተግሣጽ ቃል አልተናገረም፤ በዜማ ቤት የሆነውን፣ ጓደኞቹ የሣቁበትን፣ ከኀፍረትም የተነሣ በወንዝ ዳር ተደብቆ የዋለበትን ቀን ነገረው። ልጁ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ ብዙ ቈየ። በኋላ ግን፣ «አባቴ፣ የቀድሞው ይመለሳል?» አለ። አባቱም፣ «የቀድሞው አይመለስም፤ ሌላ ይመጣል» አለው። ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ በመካከላቸው የተሰማ የመጀመሪያ ጭውውት ይህ ነበረ።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ወንድ ልጅ ሲጎለምስ ማንቁርቱ ይሰፋል፤ በውስጡ ያሉት ድምፅ ሰጪ ጅማቶችም ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ፤ እስኪረጉም ድረስ ወራት ይፈጃል። የጉርምስና ለውጥ በብዙዎች ዘንድ ለሴቶች ከ8 እስከ 13፣ ለወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። እንቅልፍም ይለወጣል፤ ማታ ቶሎ አይመጣም፣ ማለዳ ቶሎ አይለቅም፤ ስንፍና ተብሎ የሚነቀፈው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የልጁ ቁመት ከአባቱ ቁመት በተካከለ ጊዜ እንኳ፣ ፈቃድን የሚገታውና የነገርን ፍጻሜ የሚመዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ገና አልበሰለም፤ ፈጽሞ የሚበስለውም ሰው ከ20 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ቁመቱን አይቶ የሽማግሌን ማስተዋል የሚጠይቀው ወላጅ፣ ዛፉ ስለ ረዘመ ብቻ ፍሬውን ሳይበስል እንደሚለቅም ሰው ነው።

የዚያ ቤት እናትም ከዚህ ነገር ለራሷ ትምህርት ወሰደች። 10 ዓመት የሆናት ሴት ልጅ ነበረቻት። እናቲቱ ራሷ በልጅነቷ የመጀመሪያውን የወር አበባ ባየች ጊዜ የምትሞት መስሏት፣ ቀሚሷን በጨለማ በምንጭ ዳር አጥባ ነበር። ኋላም ምክንያቱን ሳይነግሯት «ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አትግቢ» ቢሏት፣ አንዳች ኃጢአት የሠራች መስሏት ይህን በልቧ ይዛ ብዙ ዘመን ኖረች። አሁን ግን ልጇ በዚህ ፍርሃት እንድታልፍ አልወደደችም። ጊዜው ሳይደርስ፣ አንድ ቀን ቡና እየቈላች፣ የሚመጣውን ሁሉ ነገረቻት፤ ንጹሕ ጨርቅ የተቀመጠበትንም አሳየቻት። ይህ ደዌ እንዳልሆነ፣ ፈጣሪ ሴትን እናት ትሆን ዘንድ የፈጠረበት ሥርዓት እንደ ሆነ አስረዳቻት። በዚያን ጊዜ በቅጽሩ ቆሞ መጸለይም ለመቅደሱ ክብር የሚጠበቅ ሥርዓት እንጂ የኃጢአት ቅጣት እንዳልሆነ ጨምራ ነገረቻት። ልጅቱም ሁሉን ሰምታ፣ «ለጓደኞቼስ ማን ይነግራቸዋል?» አለች። እናቲቱ ለዚህ የምትመልሰው ቃል አጣች።

የቀድሞ ሰዎች ስለዚህ ወራት ጥቂት መናገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አገር ሴት ልጅ ገና ሕፃን ሳለች ትዳር ነበርና፣ ከልጅነት ወደ ሚስትነት በአንድ ሌሊት ትሻገር ነበር፤ በዚህም ብዙዎች በሥጋቸውም በነፍሳቸውም ተጎድተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። ሕጉ በየስፍራው ሁሉ ባይፈጸም እንኳ፣ በልጅነትና በጋብቻ መካከል ረጅም መንገድ ተከፍቷል። ይህ ታላቅ በጎነት ነው፤ ነገር ግን መንገዱ አዲስ ስለ ሆነ፣ ወላጆች ከአባቶቻቸው የወረሱት ስንቅ ጥቂት ነው።

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ2ኛው ምዕራፍ የጻፈው ታሪክ ለዚህ መንገድ ስንቅ ይሆናል። ጌታችን 12 ዓመት በሆነው ጊዜ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ፣ እመቤታችንና ጻድቁ ዮሴፍ ከመንገደኞች ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኙት። እርሱ ጉድለት የለበትም፤ ታሪኩ የተጻፈው ለሰው ልጆች ትምህርት ነው፤ በእርሱም ሦስት ነገር ይታያል። መጀመሪያ፣ ይምጣ ብለው አልተቀመጡም፤ ፍለጋ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሁለተኛ፣ እናቱ ባገኘችው ጊዜ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀችው፤ ጭንቀታቸውንም ገለጠችለት። ሦስተኛ፣ የመለሰላቸውን ቃል በዚያ ጊዜ ባያስተውሉትም፣ እናቱ ነገሩን ሁሉ በልቧ ጠበቀችው፤ እርሱም ከእነርሱ ጋር ወርዶ ይታዘዝላቸው ነበር። ዛሬም ብዙ ወላጅ ልጁ ከመንገደኞች ጋር ያለ ይመስለዋል፤ በአንድ ቤት ያድራሉ፣ ከአንድ ገበታ ይበላሉና። ልጁ ግን የአንድ ቀን መንገድ ርቋል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፣ የልጅን ነፍስ በከተማ፣ ሕዋሳቱን በከተማይቱ በሮች መስሎ አስተምሯል። በእርሱ ዘመን ለዐይን በር እጅግ የሚፈራው የቲያትር ቤት ነበረ፤ ዛሬ ግን ቲያትር ቤቱ በእጅ ስልክ ውስጥ ሆኖ ከልጁ ትራስ ሥር ያድራል። በሩን በኃይል መዝጋት ለጊዜው ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ ራሱ በር ጠባቂ ካልሆነ፣ በሩ በሌሊት ይከፈታል። ልጅ ስለ ሰውነቱና ስለ ፍትወት ከአባቱና ከእናቱ በንጽሕና ያልሰማውን፣ ከማያውቀው ሰው በርኵሰት ይሰማዋል።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጁ 10 ዓመት ሳይሞላው መናገር ጀምሩ፤ ከተለወጠ በኋላ የሚነገር ቃል ወቀሳ ይመስለዋልና። ምክር ከመስጠት በፊት በእናንተ የደረሰውን፣ ያፈራችሁበትንም ሳይቀር ንገሩት። በድምፁ፣ በፊቱ ብጉር፣ በቁመቱ አትሣቁበት፤ ሌላውም በፊታችሁ ሊሥቅበት ሲል ከልክሉ። በር ሲዘጋ አንኳኩ እንጂ አትስበሩ፤ ፈጽማችሁም አትተዉት። ካህናትም የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ሲጎበኙ፣ ከአባትና ከእናት ጋር ብቻ ተነጋግረው አይውጡ፤ ልጆቹን በየስማቸው ይጥሩ፣ ይጠይቁ፣ ታግሠውም ይስሙ። የዚያች ልጅ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው።

የመሪጌታው ልጅ ወዲያው ወደ አገልግሎቱ አልተመለሰም፤ አባቱም አላስገደደውም። ዓመት ባለፈ ጊዜ ግን በገዛ ፈቃዱ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ምስባኩን ዝቅ አድርጎ ሰበከ። አባቱ በመቋሚያው ተደግፎ ሲሰማ የቀድሞውን ዋሽንት ፈለገው፣ አላገኘውም፤ ነገር ግን በዚያ በወፈረው ድምፅ ውስጥ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን የአባቱን ድምፅ ሰማ።

እግዚአብሔር ለወላጆች ሁሉ ማስተዋልን፣ ለልጆችም የሚሰማቸው ጆሮ ይስጥ።