ኳስ ያቆመው ዩኒቨርሲቲ

በፋሲሎ የምናስተምራቸው ወጣቶች ኳስ ይወዳሉ። አንዳንድ ወላጆች ግን «ኳሱ ይቅር፤ ትምህርት ያስፈታል» ይሉናል። እውነት ነው ወይ? እስቲ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚባል የግል ትምህርት ቤት አለ። በዚያ አገር ፉትቦል የሚሉት ኳሱን በእጅ ይዞ እየተገፉ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ቺካጎ በ1892 ቡድን አቋቋመ። አሠልጣኙ ስታግ 41 የውድድር ዘመን አሠለጠኑ፤ ቡድኑም ስመ ጥር ሆነ። ኋላ ግን ደከመ። በ1939 ሚሺጋን 85 ለ0 አሸነፈው። ፕሬዚዳንቱ ሃቺንስ ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ቤት እንጂ የኳስ ቤት አይደለም የሚል እምነት ነበራቸው። በዚያው ዓመት ቡድኑ ተዘጋ።

ታዲያ በዚያው ቀረ? አልቀረም። በ1969 እንደገና ተጀመረ። ዛሬ እዚያ ኳስ ስለቻለ ብቻ የትምህርት ወጪ የሚሸፈንለት የለም። ተማሪው ይማራል፤ ይጫወታልም።

ወላጆች ሆይ፣ ኳሱን ብንከለክላቸው ልጆቹ ከእኛም ይቀራሉ ብለን እንሰጋለን። ይጫወቱ። ወጣቶች ሆይ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።