ትዕማር ከቤቱ ከወጣች በኋላ

ወገኖች ሆይ፣ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን ስናነብ ዓይናችን ብዙ ጊዜ አምኖን ላይ ይቀራል። ዛሬ ትዕማር ከቤቱ ከወጣች በኋላ ያለውን እንመልከት። በራስዋ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብስዋን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ወንድምዋ ዝም እንድትል ነገራት። አባትዋ ተቆጣ፤ ያደረገላት ነገር ግን አልተጻፈም። (ዳዊትን እንወደዋለን፤ እዚህ ላይ ግን አንከራከርለትም።) ቁስልዋን የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ይህ ለእኛ ለአርሲ ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ በዚሁ በአርሲ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት በፍርድ ቤት ነጻ ወጣች። የድሮው ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን አስቀረ። ከልማዳችን ግን ገና አልወጣም።

ለተደፈሩ ሴቶች እንክብካቤ የሠለጠነች ነርስ ሥራዋ ሁለት ነው፤ ማከምና ማስረጃ መጠበቅ። ከእያንዳንዱ ምርመራ በፊት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እኅታችን «ይብቃኝ» ካለች ታቆማለች። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። እስክትመረመር ባትታጠብ፣ የለበሰችውንም በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ብትይዝ ማስረጃው ይጠበቃል። ታጥባም ከሆነ ትሂድ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ምክሩ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ማዕከል የተሰባሰቡት ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደግመው ነው።

ታዲያ እንክብካቤው መልካም መሆኑን በምን እንመዝነው? ሰው ሁሉ «ተፈረደበት ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ዘግይቶ የሚመለስ ነው። እኛ አስቀድመን፦ ፈቃድዋ ተጠይቋል? ታሪኳን ስንቴ አስደገሟት? መድኃኒቱን እንድትጨርስ ማን ተከታተላት? ብንል ይሻላል። መልሱም ከመዝገብ ይልቅ ከእርስዋ ይሰማ፤ ለመናገር ከፈቀደች።

አሁን ወደ ዲክሲስ እንመለስ። ዓርብ ማታ የተጎዳች እኅት ጉዳይዋ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሽማግሌዎች ይቀርባል እንበል። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተ ሰብ ለማነጋገር ሰኞን ይቀጥራሉ። ሰኞ ማታ 72 ሰዓቱ አለቀ። ዕርቅ ብለን የጠራነው ነገር መድኃኒቷን ወሰደባት።

ስለዚህ አገልጋዮች፣ ዓርብ ማታ በራችን ሲንኳኳ ስብሰባ አንጥራ። መኪና እንፈልግ። የምታምናት አንዲት እኅት አብራት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ ለክትትል ለምትመላለስበትም የትራንስፖርት ገንዘብ ከምጽዋት ሣጥናችን ይውጣ። ስምዋ በጸሎት ርዕስ ላይ እንኳ አይነሣ።